ስለ ፕላኔቶችና ጨረቃዎች አፈጣጠር ሲነገር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከ4.6 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አንድ የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ተሰብስቦ መካከሉ ላይ ፀሐይን አስገኘ፤ በዙሪያዋ እየተሽከረከረ የቀረው ትርፍ ቁስ ደግሞ እንደ ምጣድ ጠፍጥፎ ተዘረጋ። የአቧራ ቅንጣቶች እየተጣበቁ ጠጠር፣ ጠጠሮቹም እየተከማቹ ኪሎ ሜትሮች ስፋት ያላቸው አካላት ሆኑ፤ እነዚህ ሲሳሳቡና ሲጋጩ ፕላኔቶች ተወለዱ። ስለዚህ «ፕላኔቶች ከፀሐይ ላይ ተቆርሰው የወጡ ናቸው» የሚለው አገላለጽ በቅድሚያ መታረም አለበት፤ ፀሐይና ፕላኔቶቿ የአንድ ደመና ልጆች ናቸውና።

ሁለተኛው ስህተት፣ ሁሉም ከዚያው ደመና ስለወጡ ይዘታቸውም አንድ ነው ብሎ መደምደም ነው። ለፀሐይ ቅርብ በሆነው ክፍል ሙቀቱ ውሃን በረዶ ሆኖ እንዲጠጥር ስለማይፈቅድለት ለግንባታ የተረፈው ድንጋይና ብረት ብቻ ነበር፤ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ምድርና ማርስ ትንንሽና ጠጣር የሆኑት ለዚህ ነው። ከማርስ ወዲያ ግን በረዶውም ለግንባታው ስለተጨመረ የጁፒተር እምብርት በፍጥነት ገዝፎ በዙሪያው የነበረውን ሃይድሮጅንና ሂሊየም ሰበሰበ፤ ዛሬ መጠነ ቁሷ ከምድር 318 ጊዜ ይበልጣል። ይህንን አሰላለፍ በየትኛውም ኮከብ ዙሪያ የሚሠራ ሕግ አድርጎ ማቅረብም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1995 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ በሌላ ኮከብ ዙሪያ ያገኟት፣ ቢያንስ የጁፒተርን ግማሽ ያህል መጠነ ቁስ ያላት ፕላኔት ኮከቧን እጅግ ተጠግታ በአራት ቀናት ገደማ ትዞራለች፤ እንዲህ ያሉ ግዙፍ ፕላኔቶች ርቀው ተወልደው በኋላ ወደ ውስጥ ሳይጓዙ አልቀሩም ተብሎ ይታሰባል።

ከሁሉም ይልቅ ሊታረም የሚገባው ግን «ጨረቃዎች ሁሉ በአንድ መንገድ ተፈጠሩ» የሚለው ነው። የእኛዋ ጨረቃ፣ በሰፊው ተቀባይነት ባገኘው ማብራሪያ መሠረት፣ ማርስን የሚያህል አካል ከጨቅላዋ ምድር ጋር ሲላተም ከተበተነው ፍርስራሽ የተሰበሰበች ናት፤ ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፉት የአፖሎ ጉዞዎች እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 ባመጡት 382 ኪሎ ግራም ናሙና ውስጥ ያለው የኦክስጅን አይሶቶፖች (ክብደታቸው የተለያየ የኦክስጅን አተሞች) ምጥጥን ከምድሩ ጋር እጅግ መመሳሰሉና የጨረቃ የብረት እምብርት ትንሽ መሆኑ ይህንን ይደግፋሉ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች ግን ግጭት አላስፈለጋቸውም። ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ እንደተወለዱ ሁሉ እነርሱም በጁፒተር ዙሪያ ከነበረ ዝርግ የጋዝና የአቧራ ክብ ወጡ፤ ለጁፒተር ቅርብ የሆነችው አዮ ድንጋያማ ስትሆን፣ በስተውጭ ያለችው ካሊስቶ በረዶ የበዛባት መሆኗ ያንኑ የሙቀትና የርቀት ታሪክ በትንሹ ይደግመዋል፤ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። የኔፕቲዩን ትልቋ ጨረቃ ትራይተን ደግሞ ፕላኔቷ ከምትሽከረከርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ስለምትዞር፣ ከሌላ ቦታ መጥታ በስበት የተያዘች እንግዳ እንደሆነች ይታመናል።

ጨረቃን ሁልጊዜ ከፕላኔት ታንሳለች ማለትም ትክክል አይደለም። የጁፒተር ጨረቃ ጋኒሜድ 5,268 ኪሎ ሜትር ዲያሜትር ሲኖራት ሜርኩሪ 4,879 ብቻ አላት። ነገር ግን በብረት የተሞላችው ሜርኩሪ በመጠነ ቁስ ከእጥፍ በላይ ትበልጣታለች።

በመጨረሻ፣ ሙቀትን በፀሐይ ርቀት ብቻ መለካት ያሳስታል። ቬነስ ከሜርኩሪ ይልቅ ከፀሐይ እጥፍ ሊሞላ የተቃረበ ርቀት ላይ ብትገኝም፣ ወፍራሙ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ ገጿን ወደ 465 ዲግሪ ሴልሺየስ ያደርሰዋል። የአፋሩን ኤርታ አሌ የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ አዮን ልብ ይበል፤ የምድር እሳተ ገሞራዎች ሙቀት ምድር ስትወለድ በውስጧ ከቀረው ትኩሳትና ከጨረራማ ንጥረ ነገሮች የሚመጣ ሲሆን፣ አዮ ግን በጁፒተርና በእህት ጨረቃዎቿ ስበት እንደ ሊጥ እየታሸች ነው የምትግለው። ጨረቃዎችን «ሙት ድንጋዮች» ብሎ መጥራትም በዚሁ ይወድቃል፤ የሳተርኗ ታይታን ከምድር አየር 1.5 ጊዜ የሚጫን ከባቢ አየርና የሚቴን ሐይቆች አሏት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ሁይገንስ የተባለችው መንኮራኩር ስታርፍባት ፎቶግራፍ ያነሳቻቸው ድቡልቡል ጠጠሮችም በአብዛኛው የውሃ በረዶ እንደሆኑ ይታሰባል።