የወባ መድኃኒትና ትንኟ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባ እምብዛም አይዛመትባትም። በቃሊቲ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ የሚኖር ሰው ግን ለሥራ መተሃራ ወይም መተማ ወርዶ ይዞት ይመለሳል። ሕመሙን ያውቀዋል፤ መድኃኒቱ ትንኟ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን የሚነግረው የለም።

«ትኩሳቱ ለቆኛል፣ ለሌላ አላስተላልፍም» ማለት ትልቁ ስህተት ነው። የሚያንቀጠቅጠን ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚራባው ተውሳክ ነው። ትንኟ ላይ የሚቀጥለው ግን ጋሜቶሳይት የሚባለው፣ ወንድና ሴት ያለው ደረጃ ነው፤ እሱ ደግሞ አያሳምምም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ጋሜቶሳይት ለመብሰል 10 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። አንዴ ከበሰለ ክሎሮኪን አያጠፋውም፤ ኮአርተምም ቢቀንሰው እንጂ ጨርሶ ላያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ድኖ ሥራ ከገባም በኋላ ትንኝ ስትነክሰው ወንዱና ሴቱ ሆዷ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ዘራቸው የሆዷን ግድግዳ ሰርስሮ ያልፍና እዚያው ይባዛል፤ እንደ አየሩ ሙቀት በ10 ወይም በ14 ቀን ምራቋ ውስጥ ይደርሳል።

«ዋናውን መድኃኒት ጨርሻለሁ» ብሎ ተጨማሪውን ክኒን፣ ፕሪማኪንን፣ መተውም አለ። በፋልሲፓረም አንዴ ብቻ የሚዋጠው አነስተኛ መጠን (በኪሎ 0.25 ሚሊግራም) ለታማሚው ስሜት ምንም አይጨምርም፤ ሥራው ጋሜቶሳይቱን ትንኟ ላይ እንዳይቀጥል ማድረግ ነው። የሚዋጠው ለጎረቤት ሲባል ነው ማለት ይቻላል፤ እኔ ደግሞ ለመዋጥ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይታየኝም። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ቫይቫክስ በሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ግን በጉበት የተደበቀውን ለማጥፋት ብዙ ጊዜ 14 ቀን ይወሰዳል፤ ከዚያ በፊት ምርመራ ሊያስፈልግ ስለሚችል የጤና ባለሙያው ይወስን።

«የወባ ክኒን የዋጠን ሰው የነከሰች ትንኝ ትሞታለች» የሚሉም አሉ። ትንኟን የሚገድለው አይቨርሜክቲን የሚባለው የጥገኛ ትላትል መድኃኒት ነው፤ እሱ ደግሞ የወባ መድኃኒት አይደለም።

በ2019 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሥራ አቶቫኮን የሚባል የወባ መድኃኒት በተቀባ ገጽ ላይ ለ6 ደቂቃ ያህል ያረፉ ትንኞች ውስጥ ፋልሲፓረም ማደግ እንዳቆመ አሳይቷል። መድኃኒቱ የገባው በእግራቸው ነው፤ ትንኞቹ አልሞቱም። እጅግ ተስፋ የሚሰጥ ግኝት ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የሚታደለው አጎበር የተነከረው በፀረ ተባይ ነው። ክኒን ፈጭቶ አጎበር ላይ መርጨት መድኃኒት ማባከን ነው።

መድኃኒት እየወሰዱ ከአጎበር ውጭ መተኛትም ይቅር። ሕክምና ጀምሮ ወደ መተሃራ የሚመለስ ሰው አጎበሩን ይዞ ይሂድ፤ በእነዚያ ቀናት ትንኞቹን ከእሱ መጠበቅም ያስፈልጋል።