የብረት መስኮት አስነስቶ በአሉሚኒየም ማስቀየር፦ ከባለሙያ መረጣ እስከ ርክክብ

አዲስ የተገጠመ የአሉሚኒየም መስኮት በመጀመሪያው ክረምት ውሃ ሲያስገባ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚወቅሰው ዕቃውን ነው። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው ከልኬቱ፣ ከግድግዳው ጋር ከተያያዘበት መንገድ ወይም በሲሊኮን ከተደፈነ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ነው የሚመጣው። ሦስቱም ሥራው ሳይጀመር መነጋገር የሚቻልባቸው ጉዳዮች ናቸው። የድሮውን የኤልቲዜድ (ከቀጭን የብረት ዘንግ የተበየደ) መስኮት ለማስነሳት ያሰበ ሰው በቅድሚያ እነዚህን ይጨርስ። ጊዜው ደግሞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ግድግዳው ደረቅ ስለሚሆን ልስኑም ሲሊኮኑም በደንብ ይይዛል። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሕንፃው የውጭ ገጽታ የጋራ ስለሆነ ማኅበሩን አስቀድመው ያነጋግሩ።

ዋጋ ከሦስት ወርክሾፕ ይጠይቁ። ስልክ ላይ የካሬ ዋጋ ብቻ ነግሮ ቀብድ የሚጠይቀውን ትተው፣ ቤት ድረስ መጥቶ ሜትር የሚዘረጋውን ይያዙ። ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን ሥራውን እንዲያሳይዎትም ይጠይቁ። እዚያ ሲሄዱ የመስታወቱ ማማር አያታልልዎት፤ ከመስኮቱ በታች ያለውን የውስጥ ግድግዳ ይዩ። ቀለሙ ተነፋፍቶ ወይም ቢጫ ሆኖ ካገኙት፣ ውሃ እየገባ ነው።

የካሬ ዋጋ ሲነገርዎ ምን ምን እንደሚያካትት ያጣሩ፦ መስታወት፣ ቁልፍና ማጠፊያ፣ የትንኝ ወንፊት፣ የድሮውን ማንሳት፣ ማጓጓዝ፣ የተፈረፈረውን ልስን መጠገን። ከእነዚህ ሁለቱ ሲቀሩ ርካሽ የመሰለው ዋጋ ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል። ትናንሽ መስኮቶች እንዴት እንደሚቆጠሩም ይጠይቁ። 50 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመታጠቢያ ቤት መስኮት 0.3 ካሬ ሜትር ነው፤ እንደ 1 ካሬ ከታሰበ ከሦስት እጥፍ በላይ ይከፍላሉ።

የሚጠቀምበትን ፕሮፋይል፣ ማለትም ፍሬሙ የሚሠራበትን የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ቁራጭ ጠይቀው በእጅዎ ይያዙት። ቀለሙ ተመሳሳይ ሆኖ ውፍረቱ ሊለያይ ስለሚችል የተቆረጠውን ጫፍ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ያስለኩ። ለመኖሪያ ቤት 1.2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ። በጣም የሳሳው በሁለት ጣት ሲጫኑት ይታጠፋል፤ ብሎኑም ጥርስ ስለማያገኝ ከጊዜ በኋላ ይላላል። የመስታወቱንም ውፍረት በቁጥር ይስማሙ። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በየሚሊ ሜትሩ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። 1.20 በ1.50 የሆነ ባለ 6 ሚሊ መስታወት ታዲያ 27 ኪሎ ነው፤ ማጠፊያውና ተንሸራታቹ የሚሽከረከርበት ጎማ ይህን መሸከም አለባቸው።

ልኬት ላይ አይቸኩሉ። መስኮቱ የሚገባበት የግድግዳ ቀዳዳ ወርዱ በሦስት ቦታ ይለካል፤ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች። ቁመቱም እንዲሁ በግራ፣ በመሃልና በቀኝ። የሚወሰደው ትንሹ ቁጥር ነው፤ ከእሱም በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀነሳል። ቀጥሎ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለቱም ሰያፍ ይለካሉ። እኩል ካልሆኑ ቀዳዳው የተጣመመ ነው፤ ፍሬሙ ከመቆረጡ በፊት በግንበኛ መስተካከል አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ የሄደ ሰው ትልቅ ፍሬም ይዞ ይመጣና ግድግዳውን ይቦረቡራል፣ አለዚያ ትንሽ ይዞ ይመጣና ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት በሲሊኮን ሊሞላ ይሞክራል። የልኬቱን ወረቀት ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በወረቀት ላይ «ቀብድ» እና «ቅድሚያ ክፍያ» አንድ አይደሉም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። የሚሰጡት ገንዘብ የዕቃ መግዣ ብቻ ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ይጻፉ። ክፍያውን በሦስት መክፈል ጥሩ ነው፦ ግማሹ ለዕቃ፣ ቀጣዩ ፍሬሙ ሲገጠም፣ ቢያንስ አንድ አሥረኛው ደግሞ ከውሃ ሙከራ በኋላ። ውሉ ላይ የፕሮፋይሉ ውፍረት፣ የመስታወቱ ዓይነት፣ የመስኮቶቹ ልክና ብዛት፣ የማስረከቢያ ቀንና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑር።

በሥራው ቀን ቅደም ተከተል ይጠበቅ። የሌባ መከላከያው ብረት ብዙ ጊዜ ከድሮው ፍሬም ጋር ስለተበየደ አብሮ ይነሳል። አዲሱ ብረት የሚበየደው መስታወት ከመግባቱ በፊት ነው። የብየዳና የግራይንደር ፍንጣሪ መስታወት ላይ ካረፈ እንደ ትናንሽ የአሸዋ ቅንጣት ተጣብቆ ይቀራል፤ ቢፍቁት ጉድጓዱ አይጠፋም። ብየዳው የግድ ዘግይቶ ከሆነ መስታወቱ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን።

ፍሬሙ በውሃ ልክና በቱምቢ ከተስተካከለ በኋላ ብሎን ይመታል፤ የመጀመሪያው ከማዕዘኑ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ሌሎቹ ቢበዛ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ። ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ከሆነ አጭር ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ባዶ ቦታ ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ አይይዝም። የብሎኬቱ ባዶ ቦታ ቀድሞ በሲሚንቶ ይሞላና ሲደርቅ ይበሳ። በጭቃ ቤት ደግሞ ጭቃው ብሎን አይሸከምም፤ መያዝ ያለበት የግድግዳው ቋሚ እንጨት ነው፤ ካልተገኘ ዙሪያውን የእንጨት ፍሬም ያስገቡ።

ከመስኮቱ ውጭ ያለው የታችኛው ደፍ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። የተንሸራታች መስኮት የታችኛው ሐዲድ ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ወደ ውጭ የሚያስወጡ ቀዳዳዎች አሉት። ሲሊኮን የሚቀባው ልጅ ጥሩ የሠራ መስሎት እነሱን ይደፍናል፤ አጠገቡ ቆመው ይዩ። ሲሊኮኑ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ካለው አሲድ አለው ማለት ነው፤ ሲሚንቶና እብነ በረድ ላይ በደንብ አይይዝም። «ኒውትራል» የሚለውን ያስገዙ። እርጥብ ሲሚንቶ አሉሚኒየምን ስለሚያበላሸው ፍሬሙ ላይ የተለጠፈው መከላከያ ፕላስቲክ ልስኑ እስኪያልቅ ይቆይ፣ ከዚያ ግን ወዲያው ይነሳ፤ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ሙጫው አይለቅም።

ርክክቡ ላይ እያንዳንዱን መስኮት አሥር ጊዜ ይክፈቱና ይዝጉ። በተከፋች መስኮት ላይ በመዝጊያውና በፍሬሙ መሃል ወረቀት አድርገው ዘግተው ይሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ የዙሪያው ማሸጊያ ጎማ አልገጠመም። ከዚያ ሠራተኛው እዚያው እያለ ከውጭ በጎማ ቱቦ ከታች ወደ ላይ ለ10 ደቂቃ ውሃ ያስረጩ፣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በደረቅ ሶፍት ማዕዘኖቹን ይንካ። ከታች መጀመሩ ውሃው የገባበትን ከፍታ ለመለየት ይረዳል። ካስገባ ከውስጥ ተጨማሪ ሲሊኮን እንዲቀባ አይፍቀዱ፤ ውሃው ግድግዳው ውስጥ ተይዞ ልስኑን ያበሰብሳል። የሚታሸገው ከውጭ ነው፤ የቀረችው አንድ አሥረኛም እስከዚያው እርስዎ ዘንድ ትቆይ።