የቅድሚያ ድምፅ ቁጥርን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ በየዜናው አንድ ቁጥር ይደጋገማል፤ «ይህን ያህል ሚሊዮን ሰው ከምርጫው ቀን በፊት ድምፁን ሰጥቷል» ይባላል። ወዲያው አንዱ ወገን «በቃ፣ አሸንፈናል» ይላል። ይህ ነገር ያናድደኛል። ቁጥሩ እውነት ነው። ችግሩ ብዙ ሰው በደንብ ሳያየው መጨፈሩ ወይም መደንገጡ ነው። ቀስ ብላችሁ ካያችሁት ግን ብዙ ነገር ይናገራል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ምን እንደተቆጠረ እወቁ። በቅድሚያ የተሰጠ ድምፅ ውጤቱ እስከ ምርጫው ምሽት ድረስ አይነገርም። ከዚያ በፊት የሚታወቀው ማን ድምፅ እንደሰጠ ነው፤ ለማን እንደሰጠ አይታወቅም። ስለዚህ «እገሌ በቅድሚያ ድምፅ እየመራ ነው» ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ በእገሌ ፓርቲ የተመዘገቡ ሰዎች በብዛት ወጥተዋል ማለት ነው።

ይህም በየግዛቱ ይለያያል። በፍሎሪዳ፣ በኔቫዳ፣ በፔንስልቬንያና በሰሜን ካሮላይና መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲውን ያስመዘግባል። በጆርጂያ፣ በቴክሳስ፣ በሚሺጋንና በዊስኮንሰን ግን እንዲህ ያለ ምዝገባ የለም። እዚያ የዴሞክራትና የሪፐብሊካን ቁጥር መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የሚቀርብላችሁ ቁጥር ግምት ነው፤ ግምት መሆኑን የማይናገር ዜና ደግሞ እለፉት።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አንሱ። መቶ ሰው በቅድሚያ ድምፅ ሰጠ እንበል፤ 45 ዴሞክራት፣ 40 ሪፐብሊካን፣ 15 የየትኛውም ፓርቲ ያልሆኑ። ዴሞክራቶች በ5 የሚመሩ ይመስላል። ከ45ቱ ዴሞክራቶች ሦስቱ ለሪፐብሊካኑ ዕጩ ድምፅ ሰጡ። ፓርቲ ከሌላቸው 15 ደግሞ ዘጠኙ ወደ ሪፐብሊካኑ፣ ስድስቱ ወደ ዴሞክራቱ ሄዱ። ደምሩት። ሪፐብሊካኑ 52፣ ዴሞክራቱ 48። የመዝገቡ ቁጥር አልተለወጠም፣ አሸናፊው ግን ሌላ ሆነ። የምርጫው ቀን መራጮች ገና አልተጨመሩም እኮ! በ2016 ፍሎሪዳ ውስጥ በቅድሚያ ድምፅ ከሰጡት መካከል በዴሞክራትነት የተመዘገቡት ይበልጡ ነበር። ግዛቱን በ113 ሺህ ገደማ ድምፅ ያሸነፈው ግን ትራምፕ ነው።

ቀጥሎ ካለፈው ምርጫ ጋር ስታነጻጽሩ ተጠንቀቁ። በ2016 በቅድሚያ የሰጠው ሰው ከ50 ሚሊዮን በታች ነበር። በ2020 ከ100 ሚሊዮን አለፈ። ኮሮና ነበር፤ ሰዉ ተሰልፎ መተፋፈግ ስለፈራ በፖስታ ላከ። በ2024 ቁጥሩ ቀነሰ፣ ከ80 ሚሊዮን በላይ ግን ነበር። ሕዝቡ ምርጫ ሰለቸው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ወደ ምርጫ ጣቢያ ተመለሱ። የፓርቲዎቹም ጠባይ ተለውጧል። በ2020 ትራምፕ በፖስታ የሚላክ ድምፅ አይታመንም ሲሉ ቆይተው ነበር። በ2024 ግን ፓርቲያቸው ደጋፊዎቹን «ቀድማችሁ ምረጡ» አለ። ስለዚህ የሪፐብሊካኖች ድርሻ ማደጉ ብቻውን አዲስ ደጋፊ አገኙ አያሰኝም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከእነዚህ ሰዎች አዲሱ ማነው? ሁለት ሰው አስቡ። አንዷ የ70 ዓመት እናት ናቸው፤ ምርጫ አምልጧቸው አያውቅም፣ ሁልጊዜም በምርጫው ቀን፣ ማክሰኞ ነው የሚሄዱት። ዘንድሮ ከሁለት ሳምንት በፊት ሄደው ጨረሱ። የእሳቸው ድምፅ ቀን ቀየረ እንጂ አልተጨመረም። ማክሰኞ ከሚቆጠረው ላይ አንድ ይቀነሳል። ሌላው ባለፈው ምርጫ ቤቱ የቀረ የ23 ዓመት ወጣት ነው። እሱ ከወጣ በእርግጥ አንድ ድምፅ ተጨመረ። በቅድሚያ ድምፅ ቆጠራ ግን ሁለቱም «አንድ» ተብለው ይመዘገባሉ። ማን ባለፈው ምርጫ እንደተሳተፈ በመራጮች መዝገብ ላይ ስላለ፣ ጥሩ ተንታኝ ይህን ለይቶ ያቀርባል። እንዲህ ያለ ትንታኔ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

የረጅም ሰልፍ ፎቶ ብዙም አያሳምናችሁ። ሰዉ ጓጉቶ ሊሆን ይችላል፤ ጣቢያው ትንሽ ሆኖም ሊሆን ይችላል። በፖስታ ከሆነ ደግሞ የድምፅ መስጫ ወረቀት እንዲላክለት የጠየቀና ሞልቶ የመለሰ አንድ አይደለም። የተመለሰውን ብቻ ቁጠሩ።

የመጨረሻው ሥራ የምርጫው ምሽት ነው። ውጤት መግባት ሲጀምር «ይህ የትኛው ድምፅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍሎሪዳ ቀድሞ የገባውን ድምፅ ቀድማ ስለምታዘጋጅ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። የፔንስልቬንያ ሕግ ግን በፖስታ የመጣው ከምርጫው ቀን ጠዋት 1 ሰዓት በፊት እንዳይከፈት ይከለክላል። በ2020 እዚያ በአካል የተሰጠው ድምፅ ቀድሞ ተቆጠረና ትራምፕ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መሩ። ከዚያ ፖስታዎቹ እየተከፈቱ ሲሄዱ ልዩነቱ ጠበበ። አብዛኞቹ ከዴሞክራቶች የመጡ ነበሩ። ባይደን በ80 ሺህ ገደማ ድምፅ አሸነፉ፤ ይህም በዜና የተነገረው ከምርጫው ከአራት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ነው።