ነጋዴ ባለሥልጣን ሲሆን፦ የጥቅም ግጭቱን እንዴት ፈልጎ ማግኘት ይቻላል

ባለሀብት ለመንግሥት ሥራ ሲሾም ሁሉም የሚጠይቀው «አክሲዮኑን ሸጧል ወይ?» ብሎ ነው። ከዚያ አትጀምሩ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን እዩ፦ ለማን ፈቃድ ይሰጣል፣ በምን ላይ ጨረታ ያወጣል፣ እነማንን ይመረምራል፣ የትኛው መመሪያ በረቂቅ ላይ ነው? ይህን በአንድ ገጽ፣ የሰውየውን ሀብት በሌላ ገጽ ጽፋችሁ አስተያዩ። ሀብቱን ብቻ የሚያገላብጥ ሰው፣ ተሿሚው የተፎካካሪዎቹን የምርመራ መዝገብ ማየት እንደሚችል ልብ አይልም።

በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከሆነ፣ ቀጥሎ የቅጥሩን ዓይነት አጣሩ። «ልዩ የመንግሥት ሠራተኛ» የሚባለው በ365 ቀናት ውስጥ ከ130 ቀን ላልበለጠ ሥራ የሚቀጠር ነው፤ ኢሎን መስክ በ2025 የገባው በዚህ መደብ ነበር። ደመወዝ የማይከፈለው ልዩ ሠራተኛ በአብዛኛው የሚሞላው ለሕዝብ የማይወጣውን የሀብት ማሳወቂያ ቅጽ 450 ነው። ስለዚህ ፈልጋችሁ ብታጡ ሰነድ ተደብቋል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሕጉ ራሱ ነው የዘጋው።

ከፍተኛ ባለሥልጣናት የሚሞሉት ቅጽ 278 ግን ይገኛል። ትክክለኛ ዋጋ አይጽፍም፤ «ከ1,001 እስከ 15,000 ዶላር» እያለ በእርከን ነው የሚያስቀምጠው። ብዙ አንባቢ ክፍል 2 እና 6 ላይ ያለውን የሀብት ዝርዝር አይቶ ይዘጋዋል። ዋናው ነገር ክፍል 3 ላይ ሊሆን ይችላል፦ ከቀድሞ ድርጅቱ ጋር ያለው ስምምነት። አክሲዮኑን ሙሉ በሙሉ የሸጠ ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚደርሰው የአክሲዮን መብት ወይም ጉርሻ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ክፍል 8 ደግሞ ዕዳውን ያሳያል፤ አበዳሪው ባንክ በዚያው መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ሥር ከሆነ ግጭቱ እዚያ አለ።

የጥቅም ግጭትን የሚከለክለው የአሜሪካ የወንጀል ሕግ የባለሥልጣኑን የራሱን ጥቅም ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛውንና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁን ጥቅም፣ እንዲሁም ሥራ እየተደራደረ ያለበትን ድርጅት ጥቅም እንደ ራሱ ይቆጥራል። ሆኖም የሚከለክለው በተወሰነ ጉዳይ መሳተፍን ነው፤ ለምሳሌ አንድ ውል፣ አንድ ክስ ወይም አንድን ኢንዱስትሪ ለይቶ የሚነካ መመሪያ። ኢኮኖሚውን በሞላ የሚነካ ሰፊ ፖሊሲ አይገባበትም፤ ትልቁ ቀዳዳ በእኛ ግምት ይሄ ነው።

«ከጉዳዩ ራሱን አግልሏል» የሚል ደብዳቤ ብታገኙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ፋይሎቹን ጠረጴዛው ሳይደርሱ የሚያጣራ ሰው በስም ተመድቧል? በምትኩ የሚወስነው ማን ነው? የድርጅቶቹ ዝርዝር እህት ኩባንያዎችንም ይጨምራል? ወሳኙ ዕድገቱን ከተሿሚው የሚጠብቅ ምክትል ከሆነ ደብዳቤው ወረቀት ብቻ ነው። ባለቤቱ ውስጡን እንዳያውቅ ተብሎ በባለአደራ የሚተዳደር ሀብትም እንዲሁ ነው፤ የገዛ ኩባንያውን አክሲዮን ያስገባ ሰው፣ ባለአደራው እስኪሸጠው ድረስ ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል።

ሽያጩ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉን እዩ። ግጭትን ለማስወገድ ሀብቱን ለሚሸጥ ባለሥልጣን የትርፉን ታክስ የሚያዘገይለት ሰርተፍኬት መውጣት ያለበት ከሽያጩ በፊት ነው፤ ገንዘቡም በ60 ቀን ውስጥ ወደ ተፈቀደ ሀብት መዞር አለበት። ልዩ ሠራተኞች ይህን ዕድል አያገኙም፤ አንዱ ያለመሸጥ ምክንያትም ይኸው ነው። ቅጽ 278 የሚሞላ ባለሥልጣን ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ የአክሲዮን ግብይቱን ቢዘገይ በ45 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ስላለበት፣ የግብይቱን ቀን ከሰውየው የስብሰባ መርሐ ግብር ጋር አስተያዩት።