የጌጥ ጠረጴዛ ችግርና መፍትሄው፦ ለእንጨት ሥራ ሰልጣኞች

እዚህ የምናየው ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሳሎን ጠረጴዛ ነው፤ ፊቱ ከአምስት የዋንዛ ጣውላ የተጋጠመ፣ ዙሪያው በቀጭን ወይራ ያጌጠ። ብልሽቱ ዓይን የሚገባው ቫርኒሹ ከተቀባ በኋላ ቢሆንም መነሻው ብዙ ጊዜ ጣውላው በተመረጠበት ቀን ነው።

ፊቱ ተሰንጥቋል ወይም ጎብጧል

ሁለት መነሻ አለው፤ ካልተለየ ጥገናው አይበረክትም።

አንዱ እርጥብ ጣውላ ነው። ሲዳሰስ ደረቅ የሚመስል ጣውላ ውስጡ ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ከጫፉ 30 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ትንሽ ቁራጭ አውጡና መዝኑ፤ 100 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁና ድገሙት። የቀነሰውን ለደረቁ ክብደት አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ እርጥበቱን ታገኛላችሁ፦ 240 ግራም የነበረው 200 ከሆነ 20 በመቶ ነው። ለቤት ዕቃ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ጣውላውን ጥላ ውስጥ ደርድሩ፤ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መለያ እንጨት አስገቡ። መለያዎቹ ከታች እስከ ላይ አንድ መስመር ካልያዙ ጣውላው ይጣመማል። ጫፎቹን ቀለም ቀቡ፤ እርጥበት በጫፍ በኩል ስለሚፈጥን ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሌላው መነሻ ደረቅ ጣውላን እንዳይንቀሳቀስ ማሰር ነው። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ክረምት ይሰፋል፣ በጋ ይጠባል። 50 ሴንቲ ሜትር ወርድ እንደ እንጨቱ ዓይነት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሊለዋወጥ ይችላል። በሐምሌ ደሴ ተሠርቶ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ጠረጴዛ ላይ ይህ ቶሎ ይታያል፤ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ከተማ ናት። ፊቱ እግሮቹን ከሚያያይዙት አግዳሚዎች ጋር በኮላ ከተጣበቀ ሲጠብ መሄጃ ስለሚያጣ ይሰነጠቃል።

ኮላውን በቀጭን መጋዝ ለዩት። በአጭሮቹ አግዳሚዎች መሃል ላይ ያለው ቪት እንዳለ ይቆይ፤ የቀሩትን ቀዳዳዎች በጠረጴዛው ወርድ አቅጣጫ እስከ 10 ሚሊ ሜትር አርዝሙና 4 ሚሊ ሜትር ቪት ከሮንዴላ (ከቪቱ ራስ ስር ከሚገባው ክብ ብረት) ጋር እሰሩ። ስንጥቁን በስቱኮ አትሙሉት፤ እንጨቱ ሲንቀሳቀስ ይረግፋል። መስመሩን ተከትላችሁ ለሁለት ሰንጥቁት፣ ጠርዞቹን ላጉና መልሳችሁ አጋጥሙ።

መጋጠሚያው ተላቅቋል

የተላቀቀውን ኮላ ተመልከቱ። እንደ ኖራ ነጭና ዱቄት የሆነ ከሆነ ብርድ አግኝቶታል፤ ነጭ የእንጨት ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፣ የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያ ይወርዳል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ አጣብቁ፣ ማታውን ጠረጴዛው ቤት ውስጥ ይደር። ኮላው ጥሩ ሆኖ ከለቀቀ ጠርዙ ቀጥ አላለም ማለት ነው፦ ሁለቱን ጣውላዎች ገጥማችሁ በመስኮት ብርሃን እዩ፤ ብርሃን ካሳለፈ መላጊያውን አንሱ። በሞርሴቶ (ጣውላን አጥብቆ በሚይዝ ማሰሪያ) ጉልበት የተዘጋ ክፍተት ቆይቶ ይከፈታል። ሞርሴቶ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በቂ ነው። አዲስ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ ስለማይዝ አሮጌውን እስከ እንጨቱ ድረስ ፋቁ።

የወይራው ጌጥ ተነስቷል

በረጅሙ ጎን አይነሳም፤ የሚነሳው በአጭሩ ጎን ላይ ነው። እዚያ የወይራው ቃጫ የዋንዛውን ቃጫ ያቋርጣል፤ ፊቱ ሲጠብ ወይራው አይጠብምና ጫፉ ገፍቶ ይወጣል። ለአጭሩ ጎን ወይራውን ቃጫው ከፊቱ ቃጫ ጋር እንዲሄድ አድርጋችሁ በአጫጭር ቁራጭ ቁረጡና አንዱን ከሌላው እያስከተላችሁ አስገቡ። አድካሚ ነው፤ ጌጡን የሚያቆየው ግን ይህ ነው። ወይራው የሚገባበት ቦይ ጥልቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከመሮ በፊት ሁለቱንም ጠርዝ በስለት አስምሩ፣ አለዚያ ዋንዛው ይቦጨቃል። ወይራው ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይግባ፤ ኮላው ሲደርቅ ላጉት።

ጠረጴዛው ይወላገዳል

እግሮቹና አግዳሚዎቹ የሠሩትን ክፈፍ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ፤ እኩል ካልሆኑ መጋጠሚያው ሲጣበቅ ተዛብቷል። እኩል ከሆኑ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አቁሙ፣ በአጠረው እግር ስር ቀጭን ሽብልቅ አስገብታችሁ ፊቱ እኩል እስኪሆን አስተካክሉ፤ ከዚያ እርሳስ በትንሽ እንጨት ላይ አስደግፋችሁ አራቱንም እግሮች አስምሩና ቁረጡ። በዓይን ግምት አንዱን እግር መከርከም ጠረጴዛውን ማሳጠር ብቻ ነው።

ቫርኒሹ ነጣ ወይም ጭረት አሳየ

ጭረቱ የብርጭቆ ወረቀት ነው፦ ከ80 ቁጥር (ሻካራው) ወደ 220 ቁጥር (ለስላሳው) ከተዘለለ ይቀራል። 80፣ 120፣ 180፣ 220 ብላችሁ ሁልጊዜ በቃጫው አቅጣጫ ሂዱ። ደብዘዝ ያለ ነጠብጣብ ሳይፋቅ በጨርቅ የተጠረገ ኮላ ነው፤ ኮላው ሲጠነክር በመሮ ይነሳ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አይታሽ። በቲነር የሚቀጥን ቫርኒሽ በዝናባማ ቀን ወተት ከመሰለ የአየሩ እርጥበት ገብቶበታል፤ ፀሐያማ ቀን ጠብቁና ቲነር በጣም በስሱ ንፉበት። ካልጠራ በ320 ፍቁና ድገሙት።