የወባ ትንኝ እጭ በትሪ ውስጥ እየሞተ ካስቸገራችሁ

ለምርምር ትንኝ የምታረቡበት ክፍል 27 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ እንዳልወረደ አይታችኋል ብዬ ልነሳ።

ምልክት፦ ማታ ሲርመሰመስ የነበረው የአኖፊለስ አረቢየንሲስ (የወባ ትንኝ ዓይነት ነው) እጭ ጠዋት ግማሹ ትሪው ሥር ወድቋል። የተረፈውም ሲነኩት አይሸሽም። ውሃው ደፍርሷል፣ ይሸታል። ላዩ ላይ እንደቀዘቀዘ ወተት ስስ ግልፋፊ ይዟል።

ምክንያት፦ ምግብ በዝቶ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ውሃውን ይጠረጥራል። እኔም አንድ ሰሞን የዝናብ ውሃ በጀሪካን እያጠራቀምኩ ደክሜያለሁ። እጩ ግን መሞቱን አላቆመም። ለእጩ ሰጥተነው ሳይበላ የተረፈው የአሳ ምግብ ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ ላዩን ይሸፍነዋል። የሌላው ትንኝ፣ የኩሌክስ እጭ መተንፈሻ ቱቦ ስላለው የጅማን ቦይ እንኳ ይችላል። አኖፊለስ ቱቦ የለውም። ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድሞ ነው የሚተነፍሰው። ግልፋፊው ያፍነዋል።

እዚህ ጅማ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ሂተሩ ይቆማል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ። እጭ ሲበርደው አይበላም። እኛ ግን ጠዋት መጥተን የተለመደውን ያህል እንጨምራለን። ለዓመታት ያየሁት ይኸው ነው። ስለዚህ ከመመገባችሁ በፊት የክፍሉን ሳይሆን የውሃውን ሙቀት ለኩ። ከቀዘቀዘ ምግቡ ይቆይ።

አንዴ አንድ ልጅ በዓል ሊሄድ ሲል የ3 ቀን ምግብ ባንድ ጊዜ አፍስሶ ሄደ። እንዳይርባቸው አስቦ ነው። ስንመለስ ከ12 ትሪ 2 ብቻ ተርፎ አገኘን። እጭ አንድ ቀን ቢጾም አይሞትም። እባካችሁ፣ በማንኪያ አትመግቡ!

መፍትሄ፦ ሽታ የሌለው ሶፍት ውሃው ላይ አንጥፉና ግልፋፊውን ይዛችሁ አንሱ። ሁለት ሦስቴ ድገሙት። ከዚያ ግማሹን ውሃ ቀንሱና ቢያንስ 24 ሰዓት ክፍሉ ውስጥ በተቀመጠ የቧንቧ ውሃ ተኩ። ከቧንቧ በቀጥታ አትቅዱ፣ ክሎሪኑም ቅዝቃዜውም ይጎዳል። የዚያን ቀን ምግብ የለም። በማግሥቱ ምግቡን እንደ በርበሬ አልማችሁ በጣት ጫፍ ቆንጥሩ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሥሩ ላይ ከታየ በዝቷል። እጩ ከተጨናነቀም ለሁለት ትሪ ክፈሉት።

ትሪ በሳሙና ካጠባችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። አጠገብ ባለው ክፍል የበረሮ መድኃኒት እንዳይነፋ ለጽዳት ሠራተኞች ራሳችሁ ንገሩ። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አያነቡትም። ፒፔት (እጭ መምጠጫውን ቱቦ) ከአንዱ የትንኝ ዘር ወደ ሌላው አታሻግሩ። ዘር ከተቀላቀለ የወራት ሥራ ገደል ገባ።

እንቁላሉ ካልፈለፈለ፦ ደርቆ ይሆናል፤ እርጥብ ወረቀት ላይ ይቆይ።

ትልልቆቹ (በራሪዎቹ) ከረገፉ፦ በጥጥ የምትሰጧቸው የስኳር ውሃ ሻግቷል፤ 10 በመቶ ስኳር ያለው አዲስ በጥብጡ፣ ጥጡን ለውጡ።

ጉንዳን ከገባ፦ የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ አቁሙ።

የተበላሸውን ትሪ ስትደፉ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ጨምሩበት። የሞተ የመሰለ ሁሉ አልሞተም። በሕይወት ያለ ፑፓ (ከእጭ ቀጥሎ፣ ከበራሪ በፊት ያለው ደረጃ) ቦይ ውስጥ ከገባ በ2 ቀን በራሪ ነው።