ፓስዎርዳችሁን ከመጻፋችሁ በፊት

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አለችኝ። አራት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን። ደንበኞቼ በአብዛኛው መመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያሳትሙ ተማሪዎች ናቸው። ሁሉም ፍላሽ ይዘው ነው የሚመጡት። ዊንዶውስ በነበረ ጊዜ የፍላሽ ቫይረስ አንገፍግፎኝ ነበር። የተማሪው ፋይል ይደበቅና በቦታው ሾርትከት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም አስገባሁ። እውነትም ያ ጣጣ ቀረልኝ። ግን «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» የሚሉትንም እንዳለ አምኜ ተቀበልኩ። የጎዳኝ እሱ ነው።

ሰኔ ላይ ነው፤ ሥራ በሚበዛበት ሳምንት። ያገለገለ ፕሪንተር ገዛሁና አልሠራ አለኝ። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ይሠራል። «እታለም፣ ድራይቨሩን አገኘሁት፤ አንድ መስመር ብቻ ነው» አለኝ። ከአንድ ድረ ገጽ የተቀዳ ትዕዛዝ ነበር። ስክሪፕት (የትዕዛዞች ጽሑፍ) ከኢንተርኔት ያወርድና ሳያሳየን በሱዶ፣ ማለትም ሲስተሙን ሁሉ መቀየር በሚችል ሥልጣን፣ ያስኬደዋል። ፓስዎርዱን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ፕሪንተሩ ሠራ። በሦስተኛው ቀን የዚያ ኮምፒውተር ፋን እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀመር። ሁሉም ፕሮግራም ተዘግቶ ሲፒዩው 100 በመቶ ይላል። ሲስተም ሞኒተር ላይ ስናይ የሲስተሙን ስም የሚመስል አንድ ፕሮግራም በእኛ መብራት ለማናውቀው ሰው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ይቆፍራል። ስንዘጋው ተመልሶ ይነሳል። በሰዓታቸው በራሳቸው የሚነሱ ትዕዛዞች በሚጻፉበት ክሮንታብ ውስጥ ራሱን ጽፎ ነበር።

ያንን መስመር አጥፍቼ መቀጠል እችል ነበር። አላደረግኩትም። በሱዶ የገባ ነገር ሌላ ምን እንደነካ ማወቅ አይቻልም። ዲስኩን አጥፍተን እንደገና ጫንን። ከዚያ ኮምፒውተር የተከፈቱትን የኢሜይልና የቴሌግራም አካውንቶች ፓስዎርድ ቀየርን፤ ቴሌግራም ላይ ክፍት የነበሩትን ሌሎች መሣሪያዎች በሙሉ አስወጣን። አንድ ቀን ተኩል ሥራ ቆመ። ከሁሉ የቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። የፕሪንተሩ ድራይቨር ጉተንፕሪንት በሚባል ጥቅል ውስጥ እዚያው ሚንት መደብር ላይ ነበር። ፈልገን አላየንም እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ስጭን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ፓስዎርዴን የምጽፈው ለማን ነው? ነገ ይህን ፕሮግራም የሚያድስልኝ ማነው? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዛሬ ንጹሕ የሆነ ፕሮግራም ካልታደሰ በዓመቱ ቀዳዳ ይሆናል።

መጀመሪያ ሁልጊዜ መደብሩ ውስጥ፣ ማለትም የሚንት ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ ፈልጉ። እዚያ ያለው፣ በኋላ ከማነሳው ፍላትፓክ በቀር፣ ከኡቡንቱና ከሚንት ማከማቻ የሚመጣ፣ የተፈረመበትና ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚታደስ ነው። በስሙ ካላገኛችሁት በሥራው ፈልጉት። እኛ የፕሪንተሩን ሞዴል ቁጥር ስንጽፍ ምንም አልመጣም። «ፕሪንተር ድራይቨር» ብንል ኖሮ ይመጣ ነበር። የአማርኛ መጻፊያም እዚያው አለ። አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ጫኑና ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን ምረጡ። ብዙ ሰው ሳያውቅ ውጭ ውጭውን ይፈልጋል።

መደብሩ ላይ ያለው ስሪት አንዳንዴ ያረጀ ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሰውም ወደ ውጭ የሚወጣው በእሱ ምክንያት ነው። እኔም ኪማን የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም በአዲሱ ስሪት ፈልጌ ወጥቻለሁ። ከመደብሩ ያለው ቆየት ያለ ነበር። የኪማን ሠሪዎች ራሳቸው ላውንችፓድ በሚባል ድረ ገጽ ላይ ፒፒኤ (የራሳቸው የጥቅል ማከማቻ) አላቸው፤ አድራሻውንም የራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ጽፈውታል። ያንን ጨመርኩ። ፒፒኤን የምቀበለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሠሪው ራሱ ሲያዘጋጀውና ራሱ ሲነግረኝ። ላውንችፓድ ላይ ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ ፒፒኤ ማውጣት ይችላልና። ደግሞ ፒፒኤ ስትጨምሩ የምትፈቅዱት አንድ ፕሮግራም አይደለም። ባለቤቱ ነገ የሌላ ጥቅል አዲስ ስሪት ቢያስቀምጥ ከዝመናው ጋር አብሮ ይገባል፤ ያውም ሁሉን ማድረግ በሚችለው በሩት ሥልጣን። ካልፈለጋችሁት ፒፒኤ ፐርጅ የሚባል መሣሪያ አለ። ምንጩን ያስወግድና ጥቅሎቹን ወደ መደብሩ ስሪት ይመልሳል።

ዴብ ፋይልም፣ ማለትም ለብቻው ወርዶ የሚጫን ጥቅል፣ ያው ነው። ሲጫን ውስጡ ያሉ ትናንሽ ስክሪፕቶች በሩት ይሮጣሉ። ስለዚህ ዴብ የማወርደው ከሠሪው ድረ ገጽ ብቻ ነው፤ «ነጻ ማውረጃ» ከሚሉ ገጾች በፍጹም አልወስድም። አድራሻውንም ከጉግል ማስታወቂያ ላይ ጠቅ አላደርግም፤ ራሴ እጽፈዋለሁ። ክሮምን በዚህ መንገድ ነው የጫንኩት። የጉግል ዴብ ሲጫን የጉግልን ማከማቻ ራሱ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ዝመናው ከሲስተሙ ጋር ይመጣል። ሁለተኛው ጥያቄዬ ተመለሰ ማለት ነው። ብዙ ዴቦች ግን እንዲህ አያደርጉም። አንዴ ይጫኑና እዚያው ያረጃሉ። እነሱን እናንተው እየተከታተላችሁ ማደስ አለባችሁ።

ዴብ ስትጭኑ ተርሚናሉ የሚያወጣውን ጽሑፍ አንብቡ። በተለይ «ዊል ቢ ሪሙቭድ» የሚለውን ክፍል። ይጠፋሉ የሚላቸው ጥቅሎች ውስጥ የማታውቁት ወይም ሲናመን (የሚንት ዴስክቶፕ ነው) የሚል ስም ካያችሁ እምቢ በሉ። አንድ ፕሮግራም ለመጫን ዴስክቶፑን ያጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁሉም አንድ ፊደል ተጭነው ያለፉ ናቸው።

ፕሮግራምን ከሲስተሙ ለይቶ የሚጭነው ፍላትፓክ ሚንት ላይ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ ፍላትሀብ የሚባለው ማከማቻም መደብሩ ውስጥ ይታያል። አዲስ ስሪት አለው፣ በዝመና ማኔጀሩ ይታደሳል፣ ሲስተሙን አይነካካም። ለእኔ ከመደብሩ ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ፍላትሀብ ላይ «ቬሪፋይድ» የሚል ምልክት አለ። ጥቅሉን ያወጣው የፕሮግራሙ ባለቤት መሆኑ ተረጋግጧል ማለት ነው። ሚንት ከ22ኛው ስሪት ጀምሮ ምልክቱ የሌላቸውን እናንተ ቅንብሩ ላይ ካልፈቀዳችሁ አያሳይም። ምልክት የሌለው ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ክሮም ራሱ ፍላትሀብ ላይ ያለው በበጎ ፈቃደኞች የተጠቀለለ ነው፤ የጉግል አይደለም። ለዚህ ነው ክሮምን በዴብ የወሰድኩት።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። ፍላትፓክ በአጥር ውስጥ ነው ይባላል፤ አጥሩ ግን በር አለው። ፍላትሲል የሚባለውን ጫኑና እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን እንደተፈቀደለት ተመልከቱ። «ኦል ሲስተም ፋይልስ» ወይም «ኦል ዩዘር ፋይልስ» የሚለው ክፍት ከሆነ ያ ፕሮግራም የደንበኞቼን ጽሑፍ ሁሉ ማየት ይችላል። ፒዲኤፍ ለሚከፍት ፕሮግራም ዳውንሎድስ ብቻ ይበቃዋል። እኔ እዘጋዋለሁ። የሚበላሽ ነገር ካለ መልሶ መክፈት ነው።

የዳታ ነገርም አለ። የመጀመሪያው ፍላትፓክ ሥር የሚሆነውን ራንታይም ይዞ ስለሚመጣ መቶዎች ሜጋባይት ይበላል። የሚቀጥሉት ያንኑ ከተጋሩ ይቀንሳል። በሞባይል ፓኬጅ የምትሠሩ ከሆነ የመጀመሪያውን የሌሊት ፓኬጅ ላይ አውርዱት።

በዳታው ምክንያት ነው እኛ ዘንድ ሶፍትዌር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። አፕኢሜጅ ለዚህ ይመቻል። አንድ ፋይል ነው፣ ፓስዎርድ አይጠይቅም፣ እንዲሠራ ፈቅዳችሁለት ጠቅ ስታደርጉት ይከፈታል። ግን ፓስዎርድ አለመጠየቁ እንዳያዘናጋችሁ። አጥር የለውም። ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማንበብ ይችላል፤ ፎቷችሁም፣ ብራውዘራችሁ ያስቀመጠው ፓስዎርድም እዚያ ነው ያሉት። የሚያድሰውም ብዙ ጊዜ ማንም የለም።

ከፍላሽ የመጣ ፋይል ሁሉ ይመሳከር። ሠሪው ድረ ገጹ ላይ ኤስኤችኤ256 የሚል፣ የፋይሉ አሻራ የሆነ 64 ሆሄያት ያሉት ረጅም ቁጥር ያስቀምጣል። ተርሚናል ላይ ኤስኤችኤ256ሰም (sha256sum) ብላችሁ የፋይሉን ስም አስከትሉ፤ የእናንተን ቁጥር ያወጣል። አንዲት ሆሄ ከተለየች ፋይሉ ሌላ ነው። ድረ ገጹን ለማየት ትንሽ ነው የሚፈጀው፤ ለዚህ ዳታ አትቆጥቡ። ቁጥሩን ግን ፍላሹ ላይ አብሮ ከመጣ ጽሑፍ አትውሰዱ። ፋይሉን የቀየረ ሰው ጽሑፉንም ይቀይራል። በ2016 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የካቲት ወር የራሱ የሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ የ17.3 ሲናመን ማውረጃ ሊንክ ጀርባ በር (ለሰርጎ ገብ የሚከፈት ስውር መግቢያ) ወዳለው ፋይል ተቀይሮ ነበር። ስለዚህ ሠሪው ቁጥሩን ጂፒጂ በሚባለው ዲጂታል ፊርማ ፈርሞበት ከሆነ ፊርማውንም አረጋግጡ፤ ሰርጎ ገብ ድረ ገጹን ቢይዝ እንኳ ያለ ቁልፉ መፈረም አይችልም።

መደብርም ቢሆን ዓይን ጨፍኖ የሚታመን አይደለም። በ2024 ስናፕ በሚባለው የኡቡንቱ መደብር ላይ ኤክሶደስ የሚባለውን የክሪፕቶ ቦርሳ የሚመስል ሐሰተኛ ፕሮግራም ተለጥፎ አንድ ሰው ወደ 9 ቢትኮይን አጥቷል። ገንዘብ የሚነካ ፕሮግራም ከሆነ ከሠሪው ድረ ገጽ ተነስታችሁ ወደ መደብሩ ግቡ እንጂ መደብሩ ውስጥ በስም አትፈልጉ።

ያቺ «አንድ መስመር» የምትባለውስ? አንዳንድ ጥሩ ፕሮጀክቶችም ሌላ መንገድ አይሰጡም። ካርል ብሎ ጀምሮ ባሽ ወይም ሱዶ ባሽ የሚል መስመር ሲሆን ከሁለት ክፈሉት። መጀመሪያ ስክሪፕቱን ፋይል አድርጋችሁ አውርዱ። በጽሑፍ ማንበቢያ ክፈቱት። ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ከየት ነው የሚያወርደው? አድራሻው የፕሮጀክቱ ነው? ትዕዛዝን ለመደበቅ የሚያገለግሉት ቤዝ64 (base64) ወይም ኢቫል (eval) የሚል ቃልና ትርጉም የሌለው ረጅም የሆሄ ክምር አለው? ክሮንታብን ይነካል? እኛ የጫንነው ስክሪፕት ቤዝ64 በግልጽ ተጽፎበት ነበር። በኋላ ከፍቼ ሳየው አስለቀሰኝ። ካነበባችሁ በኋላ ያንኑ ያነበባችሁትን ፋይል አስኪዱ። እንደገና ከኢንተርኔት አታምጡት፤ ሰርቨሩ ለብራውዘር አንድ፣ ለተርሚናል ሌላ መስጠት ይችላል።

ከውጭ የሆነ ነገር ከመጫኔ በፊት ታይምሺፍትን ከፍቼ ስናፕሾት (የሲስተሙን የወቅቱ ቅጂ) እወስዳለሁ። ሲስተሙ ቢበላሽ ይመልሰዋል። የተሰረቀ ፓስዎርድን ግን አይመልስም። የእህቴ ልጅም አሁን የሚሠራው ሱዶ በሌለው በራሱ አካውንት ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። «አንተን አላምን ብዬ አይደለም፤ ሰኔ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ከኮምፒውተሮቹ አጠገብ አንድ ደብተር ተንጠልጥሏል። ከመደብሩ ውጭ የገባ ሁሉ ይጻፍበታል፤ ስሙ፣ ከየት እንደመጣ፣ ቀኑ፣ በምን እንደሚነሳ። በየወሩ መጀመሪያ እናነበዋለን፤ ያልተጠቀምንበትን እናነሳለን። በአሁኑ ሰዓት አራቱም ማሽኖች ላይ አምስት መስመር ብቻ ነው ያለው።